የወለንጪቲ ግማሽ ዙር

ስልክ ላይ ያለው ድምፄ ከኔ ይበልጣል። ለትሕትና የምለው አይደለም፤ መጀመሪያ ድምፄን ሰምተው ኋላ እኔን ያዩ ሰዎች ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን ስለማውቀው ነው። ድምፄ ወፍራምና ረጋ ያለ፣ በቅሎ ላይ የተቀመጠ የባላባት ድምፅ ነው። እኔ ደግሞ በቅሎ ላይ ለመውጣት ድንጋይ የምፈልግ ሰው ነኝ። ከሰውነቴ የተረፈው ሁሉ ወደ ጆሮዎቼ ሄዷል። የስልክ መካኒኩ አርመን መጀመሪያ ያየኝ ቀን የስልኩን ሣጥን ትቶ እኔን ዞር ዞር ብሎ ካየኝ በኋላ «ይሄ ልጅ ለስልክ ነው የተፈጠረው፤ ማዳመጫው ሁለት ነው» ብሏል።

ጊዜው ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ዛሬ ናዝሬት የምንላት ከተማ ያኔ አዳማ ነበረች። ከተማ ማለትም ይበዛባታል፤ ባቡር ጣቢያው፣ አንድ ረድፍ የቆርቆሮ ሱቅ፣ ግመሎች፣ ከዚያ የተረፈው አቧራ ነው። እኔ የጣቢያው ስልከኛ ነበርኩ። ባቡር ከሞጆ ሲነሳ ሞጆ ይነግረኛል፤ ከኔ ዘንድ ሲነሳ እኔ ለወለንጪቲ እነግራለሁ። ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ የምትጠብቀው ይህች ወሬ ናት። ሥራው ይኸው ነው። እናቴ ግን ለጎረቤት ስታወራ ባቡሩን የምነዳው እኔ ነበርኩ።

የስልኩ መስመር ለሁላችንም አንድ ነው። አንዱ ሲደውል ሁሉም ጣቢያ ይጮኻል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዳችን የተለየ አደዋወል ተሰጥቶናል። ለሞጆ አንድ ረጅም፣ ለኔ ሁለት፣ ለወለንጪቲ ሦስት። ያልተጠራ ሰው ማዳመጫውን እንዳያነሳ የሚል ደንብ አለ። የሞጆው ስልከኛ፣ ሁለት ጊዜ ሚስት የፈታና ጊዜ የተረፈው ሰውዬ፣ ሁልጊዜ ያነሳ ነበር። መስመሩ ላይ መኖሩን የምናውቀው በሳሉ ነው። በስም አንጠራራም፤ እሱ ሞጆ፣ እኔ አዳማ።

ወለንጪቲ ደግሞ ሴት ልጅ ነበረች።

በወረቀቱ ላይ የወለንጪቲ ስልከኛ አባቷ ናቸው። ሽማግሌው ጆሯቸው ደክሞ ነበር፤ ስልከኛ ጆሮው ሲከዳው ምን ያደርጋል? እሳቸው ልጃቸውን ስልኩ አጠገብ አስቀመጡ። አለቆቹ አያውቁም፣ እኛ ሁላችን እናውቃለን፣ ማንም አልተናገረም። መጀመሪያ ያነሳች ቀን እንዲህ ተባባልን፦

«ወለንጪቲ ነኝ። ማን ልበል?»

«አዳማ ነኝ። አባትሽ የሉም?»

«አሉ፣ አጠገቤ ናቸው። ምን ልበላቸው?»

«ባቡሩ ወጥቷል በያቸው።»

ማዳመጫውን ሳትሰቅል ጮኸች፤ «አባዬ፣ ባቡሩ ወጥቷል ይላሉ።» ከሩቅ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፤ «ማናቸው?» «አዳማ። ትልቅ ሰው ናቸው መሰለኝ።»

ትልቅ ሰው። እኔም አላረምኳትም። ግማሽ ዓመት ሙሉ እርስዎ እየተባልኩ ስልኩ ላይ አረጀሁ። አንድ ቀን «ልጆች አሉዎት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የለኝም። ገና ሃያ ሦስቴ ነው።»

ሞጆ ሳለ።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው እንደ ሽማግሌ የምታወራው?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ሆንኩ። በሕይወቴ ብዙ ማዕረግ አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ሹመት ይህ ነው።

ታዲያ እንዲህ በነፃ ማውራቱ ብዙ አልቆየልንም። አለቃችን ፈረንሳዊ ነው፤ በመስመሩ ላይ እየተመላለሰ ጣቢያዎቹን ያያል። አንድ ጊዜ መጥቶ ሣጥኑን ከፈተና ተቆጣ። ድምፅ የሚያስኬዱት ኤሌክትሪክ የሚሰጡ ጠርሙሶች አሉ፤ በሌላ አገር ዓመት የሚቆዩት እኛ ዘንድ በወር ይሞታሉ። «ምንድን ነው የምትሉበት?» አለን በአስተርጓሚ። እርስ በርስ ተያየን። ምን እንላለን? እንደምን አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ፣ ያመማቸው አክስትህስ ተነሱ። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዴ ወደ ባቡሩ ወሬ ስንደርስ ባቡሩ ራሱ ደርሶ ያፏጫል።

በስልክ ሰላምታ ተከለከለ። «ወጥቷል»፣ «ደርሷል»፣ በቃ። ባለ ስልጣን ሲቆጣ ሰምቻለሁ፣ መንገድ ሲዘጋ አይቻለሁ፤ እንደምን አደርሽ ሲከለከል ግን ያኔ ነው ያየሁት። ጠዋት ጠዋት የሷን «አካም ቡልቴ፣ አዳማ?» ለምጄው ነበር። ጠዋቴ ያለሱ እንጀራ ያለ ወጥ ሆነብኝ።

ያወጣኝ አርመኑ ነው። ጠርሙሶቹን ሊቀይር መጣና፣ ሥራ አጥቼ ስለተለጠፍኩበት፣ ከሣጥኑ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል የሽቦ ጥቅል አውጥቶ አሳየኝ። «ይሄ ቦቢን ነው» አለ። ከውስጥ ወፍራም ሽቦ፣ ጥቂት ዙር። በላዩ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ፣ ተቆጥሮ የማያልቅ ዙር። ሁለቱም ሐር ለብሰዋል።

«አይነካካም» አለ። «ያንተ ድምፅ ወፍራሙ ላይ ይቀራል። ወለንጪቲ የሚሄደው ቀጭኑ ላይ ያለው ነው።»

«ካልተነካኩ በየት በኩል ያልፋል?»

«ያልፋል።»

እንዳላመንኩት አየ። ከኪሱ ሽቦ የተጠመጠመባት ትንሽ ኮምፓስ አወጣና ከቀጭኑ ሽቦ ጋር አገናኛት። ወፍራሙን ከጠርሙሱ ጋር ሲያነካው የኮምፓሷ መርፌ ብድግ አለች። ከዚያ ተመልሳ ተኛች። አርመኑ ሽቦውን እንደያዘ ነው።

«አሁን ኤሌክትሪኩ አቆመ?» አልኩት።

«እየሄደ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትነቃነቅም?»

«ለምን ትነቃነቃለች? ምን አዲስ ነገር አለ?»

ሽቦውን ሲያላቅቀው መርፌዋ እንደገና ዘለለች፣ በዚያኛው በኩል። «ሲጀምርና ሲያቆም ነው» አለኝ። «ሲጨምርና ሲቀንስ። አንድ ዓይነት ሆኖ ዝም ብሎ ለሚሄድ ነገር ያኛው ሽቦ ግድ የለውም።»

ከዚያ የደወሉን እጀታ አሳየኝ። እሱም ሽቦ ነው፤ ጥቅሉ በማግኔት መሀል ቆሞ፣ እጀታው ሲዞር አብሮ ይዞራል። ሲዞር ብቻ ወለንጪቲ ላይ ደወል ይጮኻል፤ ሲቆም ይቆማል። «ይሄ ጠርሙስ አይበላም» አለ። «የሚበላው ያንተን ክንድ ነው።»

አርመኑ ሄዶ ሣጥኑን ሳየው ገባኝ። ሰላምታ የተከለከለው ጠርሙስ ስለሚበላ ነው። ክንዴ ደግሞ የራሴ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለወለንጪቲ ሦስቱን ደወልኩና፣ ወሬዬን ነግሬ ማዳመጫውን ከሰቀልኩ በኋላ፣ እጀታውን ግማሽ ዙር ብቻ አዞርኩት። ግማሽ ዙር ደወሉን አያስጮኸውም፤ አንዴ ብቻ ቅጭል ያደርገዋል። መልስ የለም። በሁለተኛው ቀንም የለም። በሦስተኛው ቀን እጄን ከእጀታው ሳላነሳ የኔ ደወል ቅጭል አለ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቆሜ እጅ ነሳሁ።

ይህ ጨዋታ ወደ ሁለት ዓመት ሄደ። ጠዋት አንድ፣ ማታ መብራት ሳይበራ አንድ። እሷ በዚያ ግማሽ ዙር ውስጥ ምን እንዳኖረች አላውቅም፤ እኔ ግን ያላኖርኩበት ነገር የለም። ሥራ ሳጣ ወጥቼ የስልኩ ምሰሶ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። የሚያፏጨው ንፋስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ንፋሱ የሚመጣው ከወለንጪቲ በኩል ነው። ሞጆ ደግሞ፣ መስመሩ አንድ ነውና፣ ደወሉ ሳይነካ ቅጭል እያለ ሲያስቸግረው ሣጥኑ ላይ ክታብ አሰረበት። «ረድቶታል?» አልኩት። «ጠዋትና ማታ ብቻ ነው የሚመጣበት» አለኝ።

ለምን ሽማግሌ አልላክህም ትሉኝ ይሆናል። እናቴም ብላኛለች። አንድ ቀን ልቤ ሞልቶ ነገርኳት።

«የማን ልጅ ናት?»

«የወለንጪቲው ስልከኛ።»

«ስሟ ማነው?»

«ወለንጪቲ።»

«መልኳስ?»

«ድምፅዋ ጥሩ ነው።»

እናቴ ሊጥ እያቦካች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «ሽማግሌዎቹም በስልክ ይሂዱ?» አለችኝ።

ግን ምክንያቱ ይህ አልነበረም። ምክንያቱ እኔ ነኝ፤ በቅሎ ላይ ለመውጣት ድንጋይ የምፈልገው። አንድ ጊዜ አባቷን ሐኪም ለማሳየት ወደ አዲስ አበባ በባቡር እንደሚያልፉ ነገረችኝ። ኮት ተዋስኩ፣ ጫማዬን አስጠረግኩ። ባቡሩ ሲገባ ከስልክ ቤቱ መስኮት ላይ ራሴን አየሁ፤ ኮቱ ጉልበቴ ላይ ደርሷል፣ ጆሮዎቼ በሁለቱም በኩል ከመስኮቱ ሊወጡ ነው። ሄጄ ለባቡሩ ውሃ ከሚቀዳበት ጋን ጀርባ ተደበቅሁ።

ስትወርድ አየኋት። ረጅም ናት። ነጠላዋን በአንድ እጇ ይዛ ተሸካሚዎቹን «ስልከኛው የት ነው?» አለች። ያ ድምፅ፣ ያለ ሽቦ፣ በባዶ አየር ላይ። «አሁን እዚህ ነበር» አሏት። ወደ ስልክ ቤቱ ሄዳ በበሩ አንገቷን አስገብታ ሣጥኑን አየችው። ባቡሩ እስኪነሳ እዚያው በሩ ላይ ቆየች። እኔ ከጋኑ በሚንጠባጠብ ውሃ ኮቱ ሲበሰብስ ቆምኩ።

ከአዲስ አበባ በተመለሱ ማግስት «አጣሁህ» አለች።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኩ፣ በባላባቱ ድምፅ።

ከዚያ በኋላም ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ዝም ብሎ። አርመኑ የነገረኝን ከሱ ይልቅ የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ ለራሴ ግን አልነገርኩትም።

የካቲት ላይ፣ ሰኞ ቀን፣ ባቡር ሳይኖር ደወለችልኝ።

«አባዬን ከሥራ አሳረፏቸው» አለች። «ሐሙስ ወደ ጨርጨር፣ ወደ አባዬ አገር እንሄዳለን። አንመለስም።»

ሞጆ መስመሩ ላይ እንዳለ በትንፋሹ ይታወቃል። እሷም አውቃለች።

«ሐሙስ ባቡሩ እኛ ጋ ውሃ እስኪቀዳ ይቆማል» አለች። «ያኔ ሞጆ ምሳ ላይ ነው። እደውልልሃለሁ። የምትለኝ ነገር ካለ ያኔ በለኝ። ለአባዬ ነግሬ እንዲቆዩ አደርጋለሁ፤ ሽማግሌ እስኪመጣ ይቆያሉ። ከሌለህ ግን እንሄዳለን።»

ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ ነገር በሕይወቴ ማንም አልነገረኝም። ወለንጪቲ በበቅሎ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሦስት ቀን አለኝ። ሌላ ሰው በቅሎ ይጭናል። እኔ ቦቢን ጠመጠምኩ።

የኔ ሐሳብ ይህ ነበር፦ በዚያን ሰሞን ድምፄ መስመሩ ላይ ቀጥኖ ነበር፤ «ጮክ በል» እያሉ ያስቸግሩኛል። እንዲህ ያለ ቃል በተሰነጠቀ ድምፅ አይባልም። ያለኝ ንብረት ድምፄ ነው፤ እሱ እንኳ ሙሉ ሆኖ ይድረሳት። ስለዚህ ሮብ ከሥራ በኋላ ቦቢኑን አውጥቼ ፈታሁት። ቀጭኑ ሽቦ ላይ ሐሩ አርጅቶ ቦታ ቦታውን ተልጧል። ሐር ከየት ላምጣ? እናቴ ለቤተክርስቲያን ያዘጋጀችው ጧፍ ነበር። ሰሙን አቅልጬ ሽቦውን በሰሙ ውስጥ እያሳለፍኩ መልሼ ጠመጠምኩት፤ ዙር በዙር፣ ጠበቅ አድርጌ። ሲያልቅ እንደ ማር ያበራል። ከምስጋና ጋር ሥራዬን ሳምኩት።

ሐሙስ ጠዋት በብርዱ ሞጆን ደወልኩለት። «ዛሬ ድምፅህ ምን በልቶ ነው? አጠገቤ የቆምክ መሰለኝ» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

የአዳማን የየካቲት ፀሐይ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ያውቀዋል። ስልክ ቤቱ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። እኩለ ቀን ላይ ባቡሩ ሲመጣ ግድግዳው በእጅ አይነካም፤ ሣጥኑ ደግሞ የተሰቀለው ግድግዳው ላይ ነው። ባቡሩ ሲነሳ አለቃው ራሱ ከራሴ በላይ ቆሞ ነበር። ለወለንጪቲ ሦስቱን ደወልኩ። «ወጥቷል» አልኳት። እሷን የሚወስደውን ባቡር የላክሁላት እኔ ነኝ።

«ድምፅህ ቀነሰ» አለች። «ደርሷል ልልህ ስደውል ታነሳለህ።»

አለቃው በዚያው ባቡር ሄደ። እኔ ቃሌን እየደጋገምኩ ጠበቅሁ። ረጅም አልነበረም፤ «ሽማግሌ እልካለሁ፣ ቆዩልኝ» ብቻ ነው። ሁለቱ ደወል ጮኸ፣ አነሳሁ።

«አዳማ? እኔ ነኝ።» ከኋላዋ የሎኮሞቲቩ ትንፋሽ ይሰማል። «ደርሷል። ውሃ እየቀዳ ነው።»

«ሽማግሌ እልካለሁ፣ ቆዩልኝ» አልኩ።

«አዳማ?»

«ሽማግሌ እልካለሁ!»

«አነሳህ? አትሰማኝም?»

እኔ እሰማታለሁ። ትንፋሿን እሰማለሁ፤ የነጠላዋ ጠርዝ ማዳመጫውን ሲነካው እሰማለሁ። እሷ ግን አትሰማኝም። ሰሙ ለስልሶ፣ ጠበቅ አድርጌ የጠመጠምኩት ሽቦ ሰሙን ቆርጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል። መነካካት የለበትም የተባለው ተነካክቶ ድምፄ እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ቀረ። ጮህኩ። ጣቢያው በሙሉ ሰማኝ፤ ተሸካሚዎቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ከአዳማ ሰው ሽማግሌ ልልክ መሆኔን ያልሰማ የለም። ያልሰማችው አንድ ሰው ብቻ ናት።

ባቡሩ አፏጨ።

«ዝም አልክ» አለች ቀስ ብላ። «እሺ። ደህና ሁን፣ አዳማ።»

ሰቀለችው። እኔም ሰቀልኩ፤ ምን ላድርግ። ወዲያው ደወሌ አንዴ ቅጭል አለ።

እጀታውን ይዤ ግማሽ ዙር አዞርኩ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ደጋግሜ ብደውልላት ማንም አላነሳም።

ቦቢኑን ስላበላሸሁ ሦስት ወር ከጣቢያው እንዳልርቅ ተቀጣሁ። ደብዳቤ እንዳልጽፍ ስሟን አላውቅም፤ «ለወለንጪቲ፣ ጨርጨር» ተብሎ አይላክም። ሦስት ወር ሙሉ የበላኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ የኔ ግማሽ ዙር ደርሷት ነበር ወይስ በባዶ ቤት ነው የጮኸው? ዝም አለኝ ብላ ሄዳ እንደሆነ፣ ያ ለኔ ከመሄዷ ይብስ ነበር።

ግንቦት ላይ እግዴን ሲያነሱልኝ በመጀመሪያው ባቡር ወለንጪቲ ወረድኩ። ጣቢያውን የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አሉ። ስለ ልጅቷ ጠየቅኋቸው።

«አንተ ማነህ?»

«አዳማ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ማየታቸው ቶሎ አለቀ። «እንደ ድምፅህ አይደለህም» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባቴ።»

«ያን ቀን ስልኩን ሰቅላ እጀታውን ነካ አደረገች። ከዚያ እጇን ሣጥኑ ላይ አድርጋ ቆመች። ባቡሩ እየተነሳ ነው፣ አባቷ ይጣራሉ፣ እኔም ሂጂ እላታለሁ፤ አትሄድም። ደወሉ አንዴ ቅጭል አለ። ሳቀችና ሮጠች። ትንሽ ቀርቷት ነበር ባቡሩ ሊያመልጣት።»

«ሳቀች?»

«ሳቀች አልኩህ እኮ።» መሬት መሬት እያዩ፣ «ከፋሲካ በኋላ እዚያው ድረዋታል አሉ» አሉኝ።

አዲሱ ስልከኛ ምሳ ላይ ነበር። ገብቼ ሣጥኑ ፊት ቆምኩ። እጀታው እንጨቱ ተልጧል፤ በአንድ በኩል ብቻ፣ ግማሽ ዙር የሚይዝ እጅ በሚያርፍበት በኩል። ያዝኩትና አዞርኩት። አንዴ ቅጭል።

ሞጆ አነሳ።

«ልጅቷ ተመለሰች እንዴ?» አለ።

ሰውዬው ለካ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ክታቡን ያሰረው ለኛ ማስቂያ ነው።

«አልተመለሰችም። እኔ ነኝ፣ አዳማ።»

ሳለ። ከዚያ «ያን ሐሙስ ምሳ አልሄድኩም» አለኝ። «መስመሩ ላይ ነበርኩ። እሷን እሰማለሁ፣ አንተን አልሰማም። ስልኩ ተበላሽቶበት ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ ሰው እየሰማኝ ነው ብላ ታፍራለች፣ ይሄን እንኳ ልተውላቸው አልኩ። ሁለት ዓመት ስሰማችሁ ኖሬ ያን ቀን ብቻ ጨዋ ሆንኩ።»

እኔ በጧፍ፣ እሱ በጨዋነት አበላሸነው። አልተናደድኩበትም። «ምንም አይደል» አልኩት፤ የወለንጪቲው ቦቢን ደህና ነበርና ሰማኝ።

መስቀል ሲገባው አልሰቀለም።

«አዳማ» አለ ቆይቶ። «እንደምን ዋልክ?»

«ተከልክሏል እኮ።»

«እንደምን ዋልክ አልኩህ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እናትህስ? ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት።»

«ዝናቡስ? እናንተ ጋ ጣለ?»

«ትንሽ ጥሏል።»

ጠርሙሱ እያለቀ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ ግን አንድም ሳያስቀር ሁሉንም ጠየቀኝ፤ አክስቴን፣ ጎረቤቶቼን፣ የማላውቃቸውን ዘመዶቼን። በመጨረሻ ስለ ከብቶቼ ጠየቀኝ። ከብት ኖሮኝ አያውቅም። «ደህና ናቸው» አልኩት።